የማይጨሰው እሳት በሕፃን መጫወቻ ጡብ

እሳትን ሁላችንም እናውቃለን። እንጨት ሲነድ ይጨሳል፤ ይሞቃል፤ አመድ ይተዋል። ጭስ የሌለው፣ ነበልባሉም የማይታይ እሳት አለ ቢባል ግን ማን ያምናል? አለ። ዛሬ የምንማረው ስለዚህ እሳት ነው። የሚነድበት ምድጃ የኑክሌር ማብላያ ይባላል።

ይህ ለገበሬ ምኑ ነው? የሚል አይጠፋም። ነገሩን በምሳሌ እንየው።

እንበል፣ አንዲት እናት ከገጠር ለሕክምና አዲስ አበባ መጣች። ሐኪሙ የማሕፀን በር ካንሰር አገኘባት። በጨረር እንድትታከምም ቀን ቆረጠላት። ያረፈችው ቂርቆስ፣ ከካዛንችስ ወረድ ብሎ፣ ከወንድሟ ቤት ነው። ከአገሯ ስትነሣ ጎረቤቶቿ «ጨረር ከገላ አይወጣም፤ ልጆችሽን እንኳ ማቀፍ አትችይም» ብለዋታል። ስለዚህ ፈራች። «ሳልታከም አገሬ ልግባ» አለች።

የወንድሟ ልጅ ተማሪ ናት። «አክስቴ፣ ከመሄድዎ በፊት ይህን ይዩልኝ» ብላ የታናሽ ወንድሟን መጫወቻ ምንጣፍ ላይ ዘረገፈችው። እርስ በርሱ የሚጋጠም የፕላስቲክ ጡብ ነው። ቀይ አለ፤ ነጭ አለ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁርም አለ። እኛም አብረን እንማር። ጡብ የሌለው በባቄላና በጠጠር ይሞክረው።

ቀዩና ነጩ ጡብ

ድንጋዩም፣ ውሃውም፣ የእኛም ገላ ከደቃቅ ነገር የተሠራ ነው። ይህ ደቃቅ ነገር አቶም ይባላል። በዓይን አይታይም። በመካከሉ እምብርት አለው። የብዙ ነገር እምብርት ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ዩራኒየም የሚባል ከባድ ማዕድን አለ። ከእርሱ ውስጥ አንዱ ዓይነት ግን ለመሰንጠቅ ቀላል ነው።

ተማሪዋ ሁለት ቀይ ጡቦች ላላ አድርጋ አጋጠመች። በመካከላቸውም ትናንሽ ነጭ ጡቦች ሸጎጠች። «ቀዩ የዩራኒየም እምብርት ነው እንበል። ነጩ ኒውትሮን ይባላል» አለች። ከዚያ ሌላ ነጭ ጡብ አንሥታ ወረወረችበት። ቀዩ ለሁለት ተከፈለ። ነጫጮቹም ተበተኑ።

በእውነተኛው ዩራኒየምም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ኒውትሮን ሲገባበት እምብርቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሙቀት ይሰጣል። ሁለት ወይም ሦስት አዲስ ኒውትሮን ያወጣል። እነርሱ ደግሞ ሌላውን ይሰነጥቃሉ። ይህ እሳት ክብሪቱን ራሱ ይወልዳል ማለት ነው።

ሰማያዊውና አረንጓዴው ጡብ

አዲስ የወጣ ኒውትሮን እጅግ ፈጣን ነው። እየጋለበ የመጣ ወይፈን የበረቱን በር ስቶ ያልፋል። ቀስ ብሎ የመጣው ግን ይገባል። ኒውትሮንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የዩራኒየሙን ዘንጎች ውሃ ውስጥ ያደርጓቸዋል። ኒውትሮኑ ከውሃው ጋር እየተጋጨ ይዘገያል። ሰማያዊው ጡብ ውሃው ነው። ውሃው ሌላም ሥራ አለው። ሙቀቱን ይወስዳል፤ ጨረሩንም ከሰው ይጋርዳል።

አረንጓዴው ጡብ ደግሞ አጥር ነው። ቤሪሊየም ከሚባል ነገር ይሠራል። ሊያመልጥ ዳር የደረሰውን ኒውትሮን፣ እረኛ ከብቱን እንደሚመልስ፣ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

ጥቁሩ ጡብ

«እስቲ አክስቴ ይቁጠሩ» አለች ተማሪዋ። «አንዱ ሁለት ቢሰነጥቅ፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ ስድስት። እንዲህ እያለ በአሥረኛው ዙር 1,024 ይሆናል።»

«ይኼማ አገር ያቃጥላል እኮ ልጄ!»

«ልጓም ከሌለው አዎን። ልጓሙ ይህ ጥቁሩ ነው።»

ጥቁሩ ጡብ ካድሚየም የሚባል ነገር ያለበት ዘንግ ነው። ካድሚየም ኒውትሮንን ይውጣል። ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ እሳቱ ይጠፋል። ከፍ ሲደረግ እሳቱ ይነሣል። የማብላያው ሠራተኛ ዋና ሥራ አንድ ቁጥር መጠበቅ ነው። ከአንድ ስንጠቃ ከወጡት ኒውትሮኖች አንዱ ብቻ ሌላ ስንጠቃ እንዲያደርግ ይጠብቃል። አንድ ለአንድ ከሆነ እሳቱ ልክ ነው። ከአንድ ካነሰ ይከስማል። ከአንድ ከበለጠ እየጨመረ ይሄዳል።

የጋናው ትንሽ ማብላያ

ይህ በአህጉራችን በሥራ ላይ የዋለ ነገር ነው። በጋና፣ ከአክራ ከተማ አጠገብ፣ ከቻይና የመጣ ትንሽ ማብላያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ ጀመረ። ዩራኒየሙ የሚቀመጥበት ልቡ ቁመቱም ወርዱም 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከእንስራ ያንሳል። ሲጀመር ኃይሉ 30 ኪሎዋት ነበር። በከተማ እንጀራ የሚጋገርበት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የማብላያው ሙቀት የስምንት ወይም የዘጠኝ ምጣድ ሙቀት ነው። ለከተማ መብራት አይሆንም።

ታዲያ ለምን ተሠራ? የሚፈለገው ሙቀቱ ሳይሆን ኒውትሮኑ ነው። ለምሳሌ ከማሳ የተወሰደ አፈር በትንሽ ዕቃ ተደርጎ ወደ ልቡ አጠገብ ይገባል። ኒውትሮን ሲነካው በአፈሩ ውስጥ ያሉ ብዙ ማዕድናት ለጊዜው የየራሳቸውን ጨረር ያወጣሉ። ከጨረሩም ምን ማዕድን፣ ምን ያህል እንዳለ ይታወቃል።

ይህ ማብላያ ሌላም መጠበቂያ አለው። ውሃው በጣም ሲሞቅ ኒውትሮን የማዘግየት ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ እሳቱ በራሱ ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የቀድሞው ነዳጅ ወጥቶ ለቦምብ በማይሆን ዩራኒየም ተተካ።

ከማብላያው እስከ ሐኪም ቤት

በአገራችን እንዲህ ያለ ማብላያ የለም። ከማብላያ የሚወጣው ፍሬ ግን ከገባ ቆይቷል።

ኮባልት የሚባል ብረት አለ። እንደ ካናዳና ሩሲያ ባሉ አገሮች በትልልቅ ማብላያ ውስጥ ያስገቡታል። ኮባልቱ አንድ ኒውትሮን ይውጥና ኮባልት 60 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብርቱ ጨረር ያወጣል። ሐኪሞች ይህን ጨረር በካንሰሩ ላይ አነጣጥረው ይገድሉታል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ይህ ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ያውም በኮባልት ማሽን። ዛሬ በጅማና በሐረርም ተከፍቷል። ኮባልት የማይሻ፣ በኤሌክትሪክ ጨረር የሚያመነጭ ማሽንም ገብቷል።

ኮባልት 60 እንደ ፍም እየከሰመ ይሄዳል። በ5 ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ከማሽኑ ሥር የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል። ወረፋውም ይረዝማል። ማብላያ የሌለው አገር አዲስ ኮባልት ከውጭ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

ኮባልት ለከብትም ይጠቅማል። ገንዲን የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ቆላ ያረሰ ሁሉ ያውቃታል። ብዙ ወንድ ዝንቦች ተራብተው በጨረር ይመክናሉ፤ ከዚያም ይለቀቃሉ። ከመካን ወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ዝንብ አትወልድም። በታንዛኒያ፣ በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ዝንቧ በዚህ ዘዴ መጥፋቷ ታወቀ። በአገራችንም ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተብሎ ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማራቢያ ተቋቁሟል።

ጨረር በገላ ይቀራል?

የአክስቲቱ ጥያቄ ይህ ነበር። ተማሪዋ እንዲህ ስትል መለሰች። «ፋኖስ ሲጠፋ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል? አይቀርም። ከማሽን የሚመጣው ጨረርም ማሽኑ ሲዘጋ በገላዎ አይቀርም። ልጆችዎን ማቀፍ ይችላሉ።»

እውነት ነው። ለማሕፀን በር ካንሰር ሐኪሙ ጨረር አመንጪውን ለአጭር ጊዜ ወደ ውስጥ ቢያስገባውም፣ ሲያወጣው ጨረሩ አብሮ ይወጣል። በሚዋጥ መድኃኒት የሚሰጥ ጨረር ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ሐኪሙ የሚለውን መስማት ነው። ሕክምናው ድካምና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለሐኪም መንገር ይገባል። መሃል ላይ ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው። ካንሰሩ ሊያገግም ይችላልና።

አለመፍራት ማለት መዳፈር አይደለም። በብራዚል፣ ጎያኒያ በሚባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎች ከተተወ ሐኪም ቤት የጨረር ዕቃ ወስደው እንደ ቁራጭ ብረት ፈቱት። አራት ሰዎች ሞቱ። ክብ ነጥብ ዙሪያ ሦስት ክንፍ የተሳለበት ዕቃ ያገኘ ሰው አይንካው፤ ይራቅ፤ ለቀበሌ ያሳውቅ።

የአፍሪካ ቃል

ከዚያ ቤት ብዙ ሳይርቅ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 አንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው። እነዚሁ አገሮች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1995 አዲስ አበባ ላይ የፔሊንዳባ ውል የሚባለውን ጽሑፍ ተቀበሉ። ውሉ ከ2009 ጀምሮ ጸንቷል። በአፍሪካ የኑክሌር ቦምብ እንዳይኖር ይከለክላል። ለሕክምና፣ ለእርሻና ለምርምር መጠቀምን ግን ይፈቅዳል። እሳቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ልጓሙና የሚይዘው እጅ ነው።

በምሳሌያችን ያለችው እናት ጡቡን ሰብስባ ወደ ቅርጫቱ መለሰች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው ቀጠሮዬ?» አለች።

ተወያዩበት

1. ጥቁሩ ጡብ ባይኖር ምን ይሆናል?
2. ኒውትሮን ለምን መዘግየት አለበት?
3. በመንደራችሁ ጨረር ሕክምና ፈርቶ የቀረ ሰው አለ? ምን ትነግሩታላችሁ?