በብርድ ጧት አልነሣ ስለሚል ሞተር

በአርሲ ደጋ ስንዴ የሚታጨደው በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊት ውርጭ የሚወርደውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ከጭላሎና ከካካ ተራራ ግርጌ እስከ ጢቾ ባለው አገር፥ ሞተር እጅግ በሚፈለግበት ጊዜ ማለዳ አልነሣ ይላል። የኪራይ ኮምባይነር በማሳው ዳር ቢቆም፥ ጤዛው እስኪደርቅ መጠበቁ የማይቀር ነውና እስከዚያ ብዙ ጕዳት የለም። ከዚያ በኋላ የሚባክነው ሰዓት ግን ተራ በሚጠብቀው ገበሬ ላይ የሚቈጠር ነው፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢጥል የደረሰው እህል በቆመበት ይበላሻልና። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ አሰላ የሚያደርሰው አምቡላንስማ ጤዛም አይጠብቅም።

ሹፌሮች ነገሩን ሁሉ በባትሪ ማሳበብ ይወዳሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። በባትሪው ውስጥ አሲዱና እርሳሱ የሚሠሩት ሥራ በብርድ ይዘገያልና ኀይሉ ይቀንሳል። በዚያው ሌሊት የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ እንግዲህ ደካማው ሠራተኛ ከባዱን ሸክም አንሣ እንደ ተባለ ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ማኒቬላ ስለ ነበረ፥ የዘይቱን መወፈር የሹፌሩ ክንድ ያውቀው ነበር። ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1904 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚነሣ አውቶሞቢል ካወጣ ወዲህ ግን ያን ድካም ሞተሪኖ ተሸክሞታል፤ ሹፌሩም አያየውም።

በደጋ ሌላም ነገር አለ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ፥ አየሩ ሳስቶ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። የናፍታ ሞተር የሚቀጣጠለው አየሩ ሲጨመቅ በሚሰጠው ሙቀት ነውና፥ አየሩ የሳሳና የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ሙቀቱ አይበቃም። ስለዚህ ካንዴሌታ ያለው ሞተር የማሞቂያው መብራት ሳይጠፋ ቁልፉን ማዞር ከንቱ ድካም ነው።

ሕመሙን ለመለየት ከመፍቻ በፊት ጆሮ ይቀድማል። ሞተሩ እያቃሰተ ቀስ ብሎ የዞረ፥ የፊቱም መብራት የደበዘዘ እንደ ሆነ፥ ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፎቹ ዝገው ወይም ላልተው ኀይሉን አያሳልፉም። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሲደጋገምም ነገሩ ያው ነው። መብራቱ ደምቆ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ሞተሪኖው ይመርመር፤ በእንጨት ቀስ ተብሎ ሲመታ የሚነሣም ከሆነ ካርቦኑ ማለቁን ያመለክታል። በደንብ እየዞረ የማይቀጣጠለውን ሞተር ግን ባትሪም ሞተሪኖም አልበደሉትም፤ ናፍታው፥ ካንዴሌታው፥ በቤንዚን ሞተርም ካንዴላው ይታይ። የሌሊት ዕረፍት ያገኘ ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ አልተሞላም ወይም አርጅቷል።

ቁልፉን ከ10 ሰኮንድ በላይ ይዞ ማቆየት ሞተሪኖውን ያቃጥላል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፎ ዳግመኛ መሞከር ነው። ከሞተር ሥር እሳት ማንደድ ግን የናፍታውን ቧንቧና ሽቦውን ሊያቀጣጥል ስለሚችል ፈጽሞ መከልከል አለበት። ከሌላ መኪና ባትሪ ኀይል ሲበደሩም የባለ 24 ቮልት ካሚዮን ለባለ 12 ቮልት መኪና አይሆንም። በሽቦው አስቀድሞ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገናኛል፤ የኔጋቲቩ መጨረሻ ግን ከባትሪው ርቆ በሞተሩ ብረት ላይ ይያዝ፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳልና።

ለወረዳው አዲስ ባትሪ ይገዛ የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ፥ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት የአሮጌው ጫፎች በሙቅ ውሃና በሶዳ ታጥበው፥ ጠብቀውም እንደ ሆነ ይጠይቅ።