የወፍ ቆሎ ስለሚባለው አበባ

እንደ ድሬ ዳዋ ባለ ቆላ አገር ለሥራ የተዛወሩ ወዳጆቻችን፤ በደጋ ሳሉ የለመዱት አበባ ሁሉ በሐሩሩ እየጠወለገ ግቢያቸው ባዶ መቅረቱን ገልጸው፤ ምን ቢተክሉ እንደሚሻል ደጋግመው ጠይቀውናል። ፀሐይ ከሚወዱት አትክልቶች ሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለን የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ነገር ግን መልኩን ብቻ አይቶ የተከለው ሰው ሊጸጸት ይችላልና፤ አተካከሉንና ጠባዩን አንድነት እንጽፋለን።

የትውልድ አገሩ ሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል ነው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓመት ላንታና ካማራ ብሎ ሰየመው። በዚያ አገር ሃሚንግበርድ የምትባል፤ ክንፏን እያርገበገበች በአየር ላይ ቆማ የአበባ ወለላ የምትመጥ ትንሽ ወፍ ትጎበኘዋለች። እርስዋ ከአሜሪካ በቀር በሌላ ክፍለ ዓለም አትገኝም፤ በእኛ ዘንድ በፈንታዋ የምትመጣው ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ፤ ላባዋም የሚያብረቀርቅ ሌላ ወለላ መጣጭ ወፍ ናት። ቢራቢሮ ግን በሁሉም አገር ይከበዋል።

በአንዱ እቅፍ ላይ ብጫና ቀይ አበባ ተደባልቆ መታየቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በብራዚል ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍሪትዝ ሙለር በ1877 ዓመት እንደ ገለጸው፤ እርሱ የተመለከተው አበባ በመጀመሪያው ቀን ብጫ፤ በሁለተኛው ብርቱካንማ፤ በሦስተኛው ሐምራዊ ይሆን ነበር። ከቢራቢሮዎቹም አንዳንዶቹ ብጫውን ብቻ ሲቀስሙ፤ ሐምራዊውን የነካ አላየም። ብጫው ማዕዱ የተዘረጋ ቤት ነው፤ ቀለሙን የለወጠው ግን ግብሩ ያለቀበት ነው። ሆኖም ሳይረግፍ መቆየቱ እቅፉን ከሩቅ እንዲታይ ያደርገዋል።

አተካከሉ ቀላል ነው። ያላበበ ለጋ ዘንግ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፤ የታች ቅጠሉን አራግፎ፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ግማሹን መቅበርና ሥር እስኪሰድ ድረስ በጥላ ሥር እያጠጡ ማቆየት ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበትና ውሃ በማይተኛበት ስፍራ ይተከላል። ሥሩን ካጠበቀ ድርቅን ይችላል፤ ውርጭ ግን ያቃጥለዋል። ፍግ አታብዙበት፤ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ ክፉ ጠባዩ እንመለስ። ጥቁሩን ፍሬ ወፎች እየበሉ ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ይመስለናል። በአውስትራልያ ለአትክልት ጌጥ ተብሎ ገብቶ የግጦሽ ምድሩን ወረረ። በሃዋይ በ1902 ዓመት የሚያጠፉትን ነፍሳት ከሜክሲኮ አስመጥተው ለቀቁበት፤ ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም። በአገራችንም በምሥራቁ ቆላ የከብት ማሰማሪያውን እየሸፈነ ነው። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው፤ አረንጓዴውም ፍሬ ለሕፃናት ያሰጋል።

እኛም ከዚህ በደል ንጹሓን አይደለንም። አንድ ጊዜ አጥራችንን ከርክመን ቅርንጫፉን ከግቢ ውጭ ብንጥለው፤ የጎረቤታችን የባልቴቲቱ ጊደር በላችው። ጉበቷ ተጎድቶ የዓይኗ ነጭ ብጫ ሆነ፤ ፀሐይ መቆም ተሳናት፤ የአፍንጫዋም ቆዳ ተሰነጣጠቀ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። ዋጋዋን ከፍለን ታረቅን፤ ነገር ግን እርሳቸው ይጠብቁት የነበረው ወተት ነበር።

ስለዚህ ከብት በሚሰማራበት አቅራቢያ የሚኖር ሰው ጨርሶ ባይተክለው እንመርጣለን። በከተማ ግቢ የሚተክለው ግን ዘር የማያፈራውን ዓይነት ፈልጎ ይግዛ፤ ይህን ካላገኘም አበባው እንደ ደረቀ ፍሬ ሳይዝ እቅፉን ይቁረጥ። እኛ ዛሬ የከረከምነውን ሁሉ ከበር ሳናስወጣ በዚያው በግቢያችን እናቃጥለዋለን።