ማዮሲንን የሚያሳርፈው እንክብል

ልብ ያለ ፋታ ስትመታ ሁሉም ሞተሮቿ አብረው የሚሠሩ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ብዙዎቹ ተኝተዋል።

ሞተሮቹ ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። 300 ገደማ የሚሆኑት ተገምደው 1.6 ማይክሮሜትር የሚረዝም አንድ ወፍራም ክር ይሠራሉ። እያንዳንዱ ማዮሲን ሁለት ራስ አለው። ሥራ ላይ ያለ ራስ ኤቲፒ ከሚባለው ነዳጁ ባገኘው ኃይል አጠገቡ ያለውን የአክቲን ክር እንደ ታንኳ ቀዛፊ ስቦ ይለቃል፤ ደግሞ ይስባል። ያረፉት ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ፣ ወደ ክሩ ግንድ ታጥፈው ይተኛሉ። ያኔ ኤቲፒ የሚፈጁት እጅግ በዝግታ ነው፤ አንዷን ለመጨረስ ደቂቃዎች ይወስድባቸዋል።

ዕረፍቱ ሲዛባ በሽታ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ ክሪስቲንና ጆናታን ሳይድማን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈር ከማዮሲን ዘረ መል ለውጥ ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ። በሽታው ብርቅ አይደለም፤ ከ500 ሰው አንዱን እንደሚይዝ ይገመታል። ከእነዚህ ለውጦች ብዙዎቹ መተኛት የነበረባቸውን ራሶች እንደሚቀሰቅሱ ይታመናል። ልብ ከልክ በላይ ትኮማተራለች፣ በአግባቡ አትላላም፣ ግድግዳዋ ይወፍራል። አንዳንዴም የወፈረው ግድግዳ የደሙን መውጫ ያጠበዋል።

ማቫካምቴን የተሠራው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2022 ፈቀደው። መድኃኒቱ ማዮሲን አክቲንን የሚይዝበትንም ሆነ ኤቲፒን የሚቀበልበትን ቦታ አይዘጋም። ራሱ ውስጥ ሌላ ኪስ አለ፤ እዚያ ይገባና ሚዛኑን ወደ ዕረፍት ያደላዋል።

በ2023 ደግሞ ያልታሰበ አገልግሎት ሰጠ። የማዮሲን ራሶች ስለማይረጉ የልብን ወፍራም ክር ጥርት አድርጎ ማየት ለዓመታት አስቸግሮ ነበር። በአሜሪካ ዉስተር ያሉ ተመራማሪዎች የሰውን፣ በጀርመን ዶርትሙንድ ያሉት የአይጥን ልብ ክር በማቫካምቴን አረጋግተው፣ በቅጽበት አቀዝቅዘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። በሰው ክር ላይ ራሶቹ በሦስት ዓይነት አቀማመጥ ተደርድረው ተገኙ፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ዘመም ያለ፣ ሦስተኛው ያልረጋ። መድኃኒቱ ባለበት እንኳ ሁሉም እኩል አልተኙም ማለት ነው። እንደኔ ከሆነ የዚያ ምስል ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሆኖም ያየነው መድኃኒት የወሰደ ክር መሆኑ አይዘንጋ።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው ስለ ኪሱ የተገኘው ነው። ኦሜካምቲቭ የሚባል ሌላ ሞለኪውል አለ፤ ሥራው ተቃራኒ፣ የደከመ ልብን ማበርታት ነው። በ2024 የወጣ የፓሪሱ ኩሪ ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት ሁለቱም የሚገቡት እዚያው ኪስ ውስጥ መሆኑን አሳየ። ገብተው የሚያረጉት የራሱ ቅርጽም ከጥቂት ልዩነት በቀር አንድ ነው፤ ለመሳብ የተዘጋጀው። የሚለያዩት በራሱ እንቅስቃሴ ላይ በሚያመጡት ለውጥ ነው።

ዕረፍትም ልክ አለው። ማቫካምቴን ሲበዛ ልብ ትደክማለች፤ ስለዚህ ታማሚው በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይነሣል፣ ደም የመርጨት አቅሙ ከ50 በመቶ ከወረደም መድኃኒቱ ይቋረጣል። ጉበት መድኃኒቱን የሚፈጭበትን ኢንዛይም የሚያዳክሙ ሌሎች መድኃኒቶችም መጠኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ለጨጓራ እንደዋዛ የሚዋጠው ኦሜፕራዞል ከእነዚህ አንዱ ነው።