ሲሶው

የወር ደመወዝ በምሠራበት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የሚከማቹት የ"ቁረጡልን" ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሠራተኛው የራሱ ዕዳ አይደሉም፤ የዋስትና ናቸው። እንጅባራም ሆነ ቀድሞ በሠራሁባት ዳንግላ፣ የአክስት ልጅ "ባጃጅ ልገዛ ነው፣ ፈርምልኝ" ሲል እምቢ ለማለት አንጀት ያለው ጥቂት ነው።

የግቢያችን ጥበቃ፣ የእንጅባራን ብርድ በጋቢ ችለው የሚያድሩት ጋሼ፣ ለሁለት ዘመድ ፈርመው ነበር። ደመወዛቸው 6,000 ብር ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣና በወር 1,800 ብር ቁረጡ አለ። ሌላ አበዳሪ ደግሞ የጽሑፍ ስምምነታቸውን አያይዞ 1,500 ጠየቀ። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ከሲሶ በታች ናቸውና ሁለቱንም ቆረጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 የሚለካው ድምሩን ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ከእሳቸው 2,000 ብር ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ 3,300 ቆረጥኩባቸው።

ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ ፈርሜያለሁ፤ ምን አፍ አለኝ?" አሉኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሲሶው የተቀመጠው ለፈረመም ሰው ጭምር ነው። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ በእኩልና በሲሶ ሲያርሱ የኖሩ ናቸውና ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ አልወሰደም።

ያልፈረመ ሰው ደግሞ ውሉን ያንብብ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ቃል ካለበት ግን አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። የብዙዎች ደመወዝ የተያዘው በዚህች ቃል ነው። የአበዳሪ ደብዳቤ ብቻውን ግን፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለው፣ ደመወዝ አያስቆርጥም።

ለሁለተኛው አበዳሪ ከእንግዲህ በወር 200 ብር ብቻ እንደሚደርሰው ጻፍኩ። በትርፍ የተቆረጠው 2,600 ብር እንዲስተካከልላቸውም ለአስተዳደሩ አመለከትኩ። ጋሼ ግልባጩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ዳንግላ ያለው ልጃቸው በዚያው ሳምንት ለጓደኛው ዋስ ሁን ተብሎ ነበር፤ ሊያስነብቡት ሄዱ።