ማናቲዎች በብርድ ወራት ለምን ወደ ምንጮች ይጎርፋሉ? ተመልካቾችስ ለምን ራቅ እንዲሉ ይጠየቃሉ?

በአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግዙፍ እንስሳት ባሕሩንና ወንዙን ትተው ወደ ጠባብ የምንጭ ገንዳዎች ይገባሉ። እነዚህ እንስሳት “የባሕር ላም” በመባልም የሚታወቁት ማናቲዎች ናቸው።

ውሃው እጅግ የጠራ በመሆኑ ዳር ላይ የቆመ ሰው ጎን ለጎን ተኝተው፣ በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ አፍንጫቸውን ብቅ ሲያደርጉ ሊያያቸው ይችላል። ትዕይንቱ ብዙ ጎብኚዎችን ይስባል። ለእንስሳቱ ግን በምንጩ ውስጥ መቆየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ግዙፍ ሆነው ሳለ ለምን ይበርዳቸዋል?

አዋቂ ማናቲ ሦስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አማካይ ክብደቱም 450 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። እንደ ዓሣ ነባሪ ሙቀት የሚጠብቅ ወፍራም የስብ ሽፋን ግን የለውም። ሣርና ሌሎች የውሃ ዕፅዋትን የሚመገብ ሲሆን፣ ሰውነቱ ሙቀት የሚያመነጨው በዝግታ ነው።

ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ከቆየ ይዳከማል፤ መመገብ ያቆማል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ ሊሞትም ይችላል።

በየብስ ካሉ እንስሳት የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። በቀይ ባሕር የሚኖረው ዱጎንግም የዚሁ ወገን ነው።

ምንጮቹን ምን ይለያቸዋል?

የፍሎሪዳ ምንጮች በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ እንዳሉት ፍል ውሃዎች አይደሉም። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ከተከማቸ የከርሰ ምድር ውሃ የሚመነጩ ሲሆን፣ ሙቀታቸው ክረምት ከበጋ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። በሞቃታማ ወራት ለዋናተኛ የሚቀዘቅዘው ይኸው ውሃ፣ ወንዙ ሲበርድ ለማናቲ መጠለያ ይሆናል።

ችግሩ በምንጮቹ ውስጥ በቂ ምግብ አለመኖሩ ነው። እንስሳቱ አየሩ ሞቅ ሲል ለመመገብ ወጥተው ይመለሳሉ፤ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ሳይበሉ ይቆያሉ። በዚህ ወቅት የሚረበሽ ማናቲ ሊቆጥበው የሚገባውን ጉልበት ያባክናል፤ ሸሽቶም ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ሊወጣ ይችላል።

ሳይረብሹ መመልከት

በብሉ ስፕሪንግ ፓርክ በእነዚህ ወራት ምንጩ ለዋናተኞችና ለጀልባዎች ይዘጋል። ጎብኚዎች በዳርቻው በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ሆነው ይመለከታሉ። ብዙ ማናቲዎች የሚታዩት በጣም በሚበርዱ ማለዳዎች ነው። እአአ በጥር 2024 በአንድ ቀን 932 ማናቲዎች ተቆጥረውበታል።

በክሪስታል ሪቨር ግን ከማናቲዎች ጋር በአንድ ውሃ መዋኘት ይፈቀዳል። ሆኖም ማሳደድ፣ መክበብና መመገብ የተከለከለ ሲሆን፣ ሰው የማይገባባቸው የተከለሉ ሥፍራዎችም አሉ። ምግብ የለመደ ማናቲ ወደ ሰውና ወደ ጀልባ ይቀርባል። የጀልባ ሞተር የሚያደርሰው ጉዳት ከመብዛቱ የተነሳ ተመራማሪዎች አንዱን ማናቲ ከሌላው የሚለዩት በጀርባው ጠባሳ ነው።

ያንዣበበው ስጋት

የአሜሪካ መንግሥት እአአ በ2017 የፍሎሪዳ ማናቲን “የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ” ዝርያዎች ምድብ ወደ “ለስጋት የተጋለጡ” ምድብ አዛውሯል። እአአ በ2021 ግን ከ1,100 በላይ ማናቲዎች ሞቱ። ለብዙዎቹ ሞት ምክንያቱ ረሃብ ነበር። በኢንዲያን ሪቨር ሐይቅ ብክለት ያበዛው አልጌ የፀሐይ ብርሃን በመከልከሉ የባሕር ሣሩ ጠፍቶ ነበር። ባለሥልጣናት በቀጣዩ የብርድ ወቅት ከ90 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ሰላጣ ለመመገብ ተገደዋል።

ከማናቲዎቹ ብዙዎቹ ብርዱን የሚያሳልፉት ከኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች በሚለቀቅ ሙቅ ውሃ ነው። አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ሲዘጉ እንስሳቱ የሚቀሯቸው ምንጮቹ ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃ ከልክ በላይ ሲሳብ ደግሞ የምንጮቹም ፍሰት ይቀንሳል። ስለዚህ የማናቲዎቹ ዕጣ የሚወሰነው በጎብኚዎች ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን፣ ግዛቲቱ ውሃዋን በምትጠቀምበት መንገድም ነው።