ያውቁ ኖሯል? በመስቀል ቀን የተወለደው ዒላማ አይስቴ!

በኤንቢኤ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ በመወርወር በመቶኛ የሚስተካከለው ያልተገኘለት ሰው ማን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ስቴፈን ከሪ አይደለም! ሬይ አለንም አይደለም! ሬጂ ሚለርም አይደለም! አብዛኛውን ጊዜ በተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ስቲቭ ኬር ነው! 1,599 ጊዜ ወረወረ፣ 726ቱን አገባ። 45.4 በመቶ! መጫወት ካቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፤ ብዙ ከወረወሩት መካከል እስካሁን የደረሰበት የለም!

አሜሪካዊው ኬር የተወለደው አሜሪካ ውስጥ እንዳይመስልዎ! የሊባኖስ ዋና ከተማ ቤይሩት ውስጥ ነው! ቀኑ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1965 ነው። በእኛ ስንቆጥረውስ? መስከረም 17 ቀን 1958 ዓ.ም.! በዓለ መስቀል! (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አያቱ ስታንሊ ኬር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማራሽ በምትባል ከተማ ከእልቂት የተረፉ አርመናውያንን ሲታደጉ የነበሩ የእርዳታ ሠራተኛ እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? በኋላም ሊባኖስ ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆችን አሳድገዋል! በዚያው ዘመን፣ በ1924፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወላጆቻቸውን ያጡ 40 አርመናውያን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ አምጥተው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ አቁመዋል! አርባ ልጆች! የልጆቹ አስተማሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው! የአንድ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የቤተሰብ ታሪክ የት ድረስ እንደሚወስድ አዩ?

ኬር ትምህርቱን በከፊል የተማረው ካይሮ ነው! የእኛው ዓባይ ኬር ወደተማረባት ከተማ ይዘልቃል! ትንሹ ስቲቭ ካይሮ ሳለ የዓባይን ውኃ ጠጥቷል ቢባል ውሸት አይሆንም!

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወጣ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም ማለት ይቻላል! ቀርፋፋ ነው፣ አይዘልም ተባለ። በመጨረሻው ሰዓት በሩን የከፈተለት የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ሉት ኦልሰን ነው!

አሪዞና የደረሰበት መንገድስ? በ1983 ክረምት ቤተሰቡን ሊጠይቅ ቤይሩት ሄደ። ሊመለስ ሲል አየር ማረፊያው በመድፍ ተደበደበ! በመኪና ሶሪያን አቋርጦ ዮርዳኖስ ገባ፤ ከዚያ በአውሮፕላን አሜሪካ! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ለመመዝገብ የጦርነት ቀጠና ያቋረጠ ስንት ተጫዋች ያውቃሉ?

የሚቀጥለው ልብ ይነካል። አባቱ ፕሮፌሰር ማልኮም ኬር በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1984 በቢሯቸው ደጃፍ ታጣቂዎች ተኩሰው ገደሏቸው። ልጃቸው ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር። መርዶው አሪዞና የደረሰው በስልክ፣ በሌሊት ነው። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ዕለት፣ ሜዳ ገባ! ከጨዋታው በፊት ለአባቱ የሕሊና ጸሎት ሲደረግ እያለቀሰ ቆመ። ከዚያ ተቀይሮ ገባ፤ የመጀመሪያዋን ኳስ ከሩቅ ወረወረ፤ አገባ! በ12 ነጥብ ጨረሰ፣ ቡድኑም አሸነፈ!

ከአራት ዓመት በኋላ ምን እንደገጠመው ያውቁ ኖሯል? ጨዋታው ሳይጀመር ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ጥቂት የተፎካካሪ ቡድን ደጋፊዎች በአባቱ ሞት ተሳለቁበት። ኬር ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሳ! በመጀመሪያው አጋማሽ ስድስት ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ወረወረ። ስድስቱንም አገባ! ለተሳዳቢ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል?

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1986 ስፔን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካ ወርቅ ያጠለቀችው በተማሪዎች ነው! ኬር አንዱ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ግን የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ መጫወትህ አክትሟል ማለት ይቻላል ተባለ! ሙሉ አንድ ዓመት ተቀመጠ።

ሲመለስስ? ከ199 ባለ ሦስት ነጥብ ሙከራ 114 አገባ! 57.3 በመቶ! የአሪዞና አዳራሽ አስተዋዋቂ ስሙን ስቲ-ኢ-ኢ-ኢ-ቭ ኬር እያለ እየጎተተ ሲጠራ ተመልካቹ ሁሉ ተቀብሎ ይደግመው ነበር!

ይኸው ተአምረኛ እጅ የዚያኑ ዓመት በሀገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ ከ13 ሙከራ 2 ብቻ አገባ! ቡድኑም ተሸንፎ ወደቀ። ኬር ይህን ጨዋታ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም!

ኤንቢኤ የገባው ስንተኛ ሆኖ ተመርጦ ይመስልዎታል? 50ኛ! ፊኒክስ ወሰደው፤ ክሊቭላንድ፣ ኦርላንዶ፣ ቺካጎ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ፖርትላንድ፣ እንደገና ሳን አንቶኒዮ! በ15 የውድድር ዘመን 910 ጨዋታ ተጫውቶ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው 30 ጊዜ ብቻ ነው!

በ1994/95 ባለ ሦስት ነጥቡን በ52.4 በመቶ ሲያገባ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሆነ! ለ15 ዓመት ቆየ፤ የሰበረው ካይል ኮርቨር ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያን ጊዜ ኤንቢኤ መስመሩን ለሦስት ዓመት ያህል ወደ ቅርጫቱ አቅርቦት ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይደለም። መስመሩ በሩቁ በነበረባቸው ዓመታትም ግን እጁ አልዛለም!

ለመሆኑ ቅርጫቱ ምን ያህል ከፍ ይላል? ባቲ ሰኞ ገበያ ወጥተው ከአንድ ትልቅ ግመል አጠገብ ይቁሙ። ሻኛው ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። ቀለበቱ ከሻኛውም በላይ አንድ ሜትር ያህል ይርቃል፤ 3.05 ሜትር! መስመሩ በሩቁ ሳለ ኬር ኳሷን እዚያ ይሰዳት የነበረው እስከ 7.24 ሜትር ከሚደርስ ርቀት ነው! የባቲና የከሚሴ ወጣቶች በዓለም አቀፉ ሕግ መለማመድ ከፈለጉ ደግሞ 6.75 ሜትር ለክተው በጠመኔ ያስምሩ!

ማይክል ጆርዳን ስቲቭ ኬርን በቡጢ እንደመታው ያውቁ ኖሯል? በ1995 በቺካጎ ቡድን ልምምድ ላይ ነው! ትንሹ ኬር አልበገርም ብሎ ደረቱን ገፋው፤ ጆርዳን ዓይኑን አጠቆረለት! አሰልጣኝ ፊል ጃክሰን ኮከቡን ከልምምድ አባረሩት። ጆርዳንም ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጆርዳን አመነው!

ከዚህ የሚገርመው ሌላ ነው። የጆርዳንም አባት በ1993 ተገድለዋል! ሁለት አባታቸው የተገደለባቸው ሰዎች አንድ ቡድን ውስጥ አብረው ተጫወቱ፣ አብረው ዋንጫ አነሱ። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም!

አሁን ወደ ትልቋ ኳስ! በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ ባቲ ላይ እየነጋ ነው፣ ቺካጎ ውስጥ ገና ዓርብ ማታ ነው። ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ። ቺካጎ 86፣ ዩታ 86! ኬር ቀደም ባለው ጨዋታ ወሳኝ ኳስ ስቶ እንቅልፍ አጥቶ ነበር የሰነበተው። በአጭሩ የምክክር እረፍት ጆርዳን ወደ እሱ ዞር ብሎ፣ የዩታው ስቶክተን አንተን ትቶ ወደ እኔ ስለሚመጣ ተዘጋጅ አለው። ተዘጋጅቻለሁ አለ ኬር! እንደተባለውም ሆነ። ጆርዳን ተከበበ፤ አቀበለው፤ ኬር ሳያመነታ ወረወረ! 5 ሰከንድ ሲቀር ገባች! ዋንጫው የቺካጎ ሆነ!

እና ያቺ ኳስ ስንት ነጥብ ነበረች? የሦስት ነጥብ ንጉሥ፣ በሕይወቱ ዝነኛ የሆነችውን ኳስ ያገባው ከመስመሩ ውስጥ ነው! ሁለት ነጥብ!

በድል በዓሉ ላይ ደግሞ ማይክሮፎን ይዞ፣ ጆርዳን እንዲህ ያለ ጊዜ ስለሚጨንቀው እንደ ልማዴ ላድነው ብዬ ነው እያለ የቺካጎን ሕዝብ በሳቅ ጣለው!

በ1996፣ በ1997፣ በ1998 ከቺካጎ ጋር፤ በ1999 ከሳን አንቶኒዮ ጋር! አራት ዓመት፣ አራት ዋንጫ፣ ሁለት ቡድን! ጆርዳን እንኳ አራት አከታትሎ አልወሰደም!

በ2003 ዕድሜው 37 ነበር። በዚያ ጥሎ ማለፍ ብዙም ሜዳ አልረገጠም። ዳላስ ላይ ቡድኑ እየተመራ፣ ወጣቱ ቶኒ ፓርከር ታሞ፣ አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ወንበሩን ቃኝተው ኬርን ጠሩት። ለቀናት የተቀመጠ እግር፣ የቀዘቀዘ እጅ! አራት ባለ ሦስት ነጥብ ወረወረ። አንዷም አልሳተችም! ሳን አንቶኒዮ 90 ለ78 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ኬርም አምስተኛ ቀለበቱን አጥልቆ ተሰናበተ! ስንብት ማለት ይህ ነው!

አሰልጣኝ ሆኖስ? በ2014 ጎልደን ስቴትን ተረከበ። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም ነበር! በመጀመሪያ ዓመቱ 67 ጨዋታ አሸነፈ፣ ክለቡ ለ40 ዓመት ያጣውን ዋንጫ አነሳ! በ2017፣ በ2018 እና በ2022 ደገመ። በተጫዋችነት 5፣ በአሰልጣኝነት 4! በሁለት እጅ ጣቶች ቀለበት ያልገባበት አንድ ጣት ብቻ ቀረ!

በ1986 በተጫዋችነት የዓለም ወርቅ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ በአሰልጣኝነት የኦሊምፒክ ወርቅ! በመካከላቸው 38 ዓመት አለ! በፓሪሱ ፍጻሜ ስቴፈን ከሪ ስምንት ባለ ሦስት ነጥብ ሲያገባ፣ ዳር ቆሞ ይመራ የነበረው በመቶኛ የሚበልጠው አሰልጣኙ ነው!

በ1995/96 ቺካጎ 72 ጨዋታ አሸንፎ በ10 ብቻ ሲሸነፍ የማይሰበር ክብረ ወሰን ተባለ። ኬር በ82ቱም ጨዋታ ተሰልፎ ነበር! ከሃያ ዓመት በኋላ 73 አሸንፎ በ9 የተሸነፈው ጎልደን ስቴት ሰበረው። አሰልጣኙ ማን ነበር? ኬር ራሱ!

ያንኑ ዓመት ደግሞ ኬር ከጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ታሞ 43 ጨዋታ አመለጠው! ቡድኑን የመራው ምክትሉ ሉክ ዋልተን ነው፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ 24 ተከታታይ ድል አስመዘገበ! ከ43ቱ የተሸነፈው 4 ብቻ ነው! በኤንቢኤ ደንብ ግን 39ኙም ድል የተመዘገበው በኬር ስም ነው! በዋልተን መዝገብ ላይ አንድም አልሰፈረም! የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ሽልማትስ? እሱንም የወሰደው ኬር ነው!