የመፈልፈያው ሞተር እንቢ ሲል

የተለቀመ ቀይ ቡና በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ የመፈልፈያው የቤንዚን ሞተር እንቢ ሲል ገመዱን ሲስቡ መዋል አይገባም። ሞተሩ ይብረድ፤ እሳትም ከአጠገቡ ይራቅ። ከዚያ ካንዴላውን ፈትታችሁ ተመልከቱ። በቤንዚን ከራሰ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ ካንዴላው እሳት አልሰጠም፤ ጠርጋችሁ አድርቁት። ደረቅ ከሆነ ግን ቤንዚኑ አልደረሰም።

በመጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን ጥቂት ላላ አድርጉ። ሞተሩ ያን ጊዜ ከሠራ የተደፈነው የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ነው። ለዚህች ቀዳዳ ሲባል ሞተር አሸክሞ እስከ ዲላ መሄድ ያሳዝናል። ካልሠራ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ጽዋ አውርዱ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ እዚያ ይተኛል። ካለፈው መኸር የተረፈ ቤንዚንም እንደ ሙጫ ሆኖ ቀጭኗን የቤንዚን መተላለፊያ ይደፍናል። በንጹሕ ቤንዚን እጠቧት፤ በቢስክሌት ጎማ መንፊያም ንፏት። በሽቦ አትጎርጉሯት፤ ከሰፋች ቤንዚን ትፈጃለች።

ጥቁር ጭስ ከበዛ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ። ከ1,500 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ይህን መካኒክ ያስተካክለው።

መኸሩ ሲያልቅ ሳልባትዮውንና ካርቡራተሩን ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጡ።